ለቴሌቪዥን ነው!

በእኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚከፈተው በቁልፍ ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ንብረት ያዥ ስለነበረ፣ መዝጊያ ያለው ነገር ሁሉ መቆለፍ አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ መዝጊያ የሌለው ነገር ደግሞ መዝጊያ ሊሠራለት ይገባል። ቴሌቪዥኑ በመሥሪያ ቤቱ ዕጣ እንደደረሰው በሰማ ማግስት አብነት ሰፈር ሄዶ ባለሁለት መዝጊያ ሣጥን ለአናጺ አዘዘ። ሣጥኑ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ደረሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ሣጥን ሳሎናችን ውስጥ ተቆልፎ ተቀመጠ፤ እናቴም ዳንቴል አልብሳው በየማለዳው አቧራውን ታራግፍለት ነበር።

ቤታችን ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ጭቃ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ከቆሙበት። በዚያ መንደር ሌላ ቴሌቪዥን አልነበረም። ስለዚህ ዕቃው የእኛ ይሁን እንጂ ማየቱ የሰፈሩ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ በር መዝጋት አይታሰብም፤ የዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ጎረቤት ዱካውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፣ ሴቶች በየዱካቸው፣ ልጆች ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ከሁሉም ፊት፣ ባለመደገፊያ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልፉን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። እናቴ ግን ቆማ ነው የምታየው። የጓዳውን በር መቃን ተደግፋ፣ አንድ እግሯ ጓዳ አንድ እግሯ ሳሎን፤ ውኃ የሚጠይቅ አይጠፋም፣ የሚያለቅስ ሕፃን አይጠፋም። አንድ ድራማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀምጣ ስታይ አላስታውስም።

አንቴናው የታላቅ ወንድሜ ሥራ ነበር። ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ከግድግዳው ጋር በሽቦ ላላ ተደርጎ ታስሯል፤ አንቴናው ጫፉ ላይ ነው። ምስሉ ሲበላሽ ወንድሜ ደጅ ወጥቶ እንጨቱን አቅፎ ያዞራል፤ እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ ከውስጥ የሚባለውን አቀብለዋለሁ። አቅጣጫው በሰፈር ስም ነበር። «ወደ ተክለ ሃይማኖት!» «ኧረ በዛ! ትንሽ ወደ ሜክሲኮ መልሰው!» «አሁንስ?» «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» ኋላ ነገሩ ሲሰለቸው እንጨቱ ላይ አንድ ሚስማር መታበት፤ ሚስማሩ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ሲገጥም ምስሉ ይጠራል። ብልህ ልጅ ነበር። ምላሱ ግን ከብልሃቱ ይቀድም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ድራማዎች ላይ አባት ማለት ክፉ ሰው ነው። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ካባ ደርቦ፣ ጭራ ይዞ፣ ከዘራውን እየወዘወዘ ይገባል። ሚስቱን «አንቺ!» ከማለት ሌላ መጥሪያ የለውም። ልጁን ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ ልድር ይላል፣ መጨረሻ ላይ ይዋረዳል። ሲዋረድ ሳሎናችን በሳቅ ይሞላል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አባቴ ነበር። ካባም ጭራም ስላልነበረው ራሱን እዚያ ውስጥ አላየም።

ቆይቶ ግን የቴሌቪዥኑ ቤተሰብ ተለወጠ። በየእሁዱ የሚቀጥል አንድ ድራማ መጣ። አባትየው አሁን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቱታውን እንደለበሰ ይገባል፣ እጁን ራሱ ይታጠባል፣ ሚስቱን «ቁጭ በይ እንጂ፣ ደክሞሻል» ይላታል። ከዚያ ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስብሰባ ያደርጋሉ። በዚያ ዘመን ያለ ስብሰባ የሚውል ቀን አልነበረም፤ ቀበሌ ስብሰባ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ። ቤት ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም በዚያ ድራማ ገባ። ልጆቹ አባታቸውን ሂስ ያደርጉታል። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ይሰማና «ልክ ናችሁ ልጆቼ፤ አጥፍቻለሁ፤ አርማለሁ» ይላል።

ሴቶቹ በየዱካቸው ላይ ሆነው «እሰይ!» ይላሉ። አንዳንዱ ባል ሚስቱን እኛ ቤት መላክ ያቆመው በዚያ ድራማ ምክንያት ነው። የመንደሩ ሴቶች ሲጣሉ እንኳ «ባልሽ እንደ ቴሌቪዥኑ መሰለሽ?» መባባል ጀምረው ነበር። አባቴ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ቁልፉን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ያዛውራል። «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ አባት ነው?» ይላል ለሽማግሌዎቹ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ያለ አባት የትም አላየሁም። ግን በየእሁዱ ሲታይ የለም ማለት እያስቸገረ ሄደ፤ የሌለው እኛ ቤት ብቻ መሰለኝ።

ወንድሜ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የየቀበሌው ወጣት እየተጻፈ የሚሄድበት ጊዜ ነው። እናቴ እህል አልዋጥላት ብሎ ነበር። አባቴ ግን ድምፁን ሳያሰማ አንድ ነገር ሠርቷል። የቀበሌያችንን ምዝገባ የሚሠራውን ሰው ከልጅነቱ ያውቀው ስለነበረ፣ «ልጄ ፈተናውን እስኪጨርስ ለሚቀጥለው ዙር አቆይልኝ» ብሎ አስማምቶታል። ይህን ለወንድሜ አልነገረውም። ደግነቱንም እንደ ዕቃው ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር።

አንድ እሁድ ድራማው እንዳለቀ፣ ሰው ዱካውን ሳያነሣ፣ ወንድሜ እጁን እያራገፈ ከደጅ ገባ።

«እኛስ እንደነሱ የቤተሰብ ሂስ ብናደርግ?» አለ።

ሰው ሳቀ። አባቴም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሶፋው ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ለጨዋታ ብሎ «በል እስቲ ጀምር» አለው።

«እንግዲያው አባዬ ላይ አንድ ሂስ አለኝ» አለ ወንድሜ። «ይሄ ቴሌቪዥን ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን እማዬን ነይ ቁጭ በይ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም። ለጎረቤት ሁሉ ቦታ አለ፣ ለእሷ ግን የለም። ይቺን ያርሙልን።»

እናቴ ከመቃኑ «ዝም በል አንተ!» አለች፤ ግን ዘገየች። አባቴ ተነሣ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» አለና በጥፊ መታው። ያ ሁሉ ሰው እያየ። ቁልፉ ከጉልበቱ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ሲንቃጨል አሁንም ይሰማኛል። ሁሉም ዱካውን አንሥቶ ወጣ።

ሰኞ ዕለት ወንድሜ በትምህርት ቤት ፈንታ ቀበሌ ሄዶ ራሱን አስመዘገበ። የምዝገባው ሰው በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጣ ቤታችን መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ቃሌን አላጠፍኩም» አለ። «ልጁ በእግሩ መጥቶ ጻፉኝ አለ። ዝርዝሩ የሚሄደው ነገ ነው። ልጁ እዚያው ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ይምጡና ያነጋግሩት፤ እሺ ካለ እኔ እሰርዘዋለሁ።»

አባቴ ጫማ ጫማውን እያየ «ይሂድ፤ ሰው ሆኖ ይመለሳል» አለ። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ይሂድ አልኩ» አለ። አንድ «ና ልጄ» ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ያቺን ቃል መናገር አቃተው። ስለዚያች ምሽት ስንት ዓመት ተናድጄበታለሁ፤ ዛሬም ንዴቱ ጨርሶ አልወጣልኝም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የሄዱ ዕለት ቀበሌው ደጅ አውቶቡሶች ቆመው ነበር። አባቴ እንደ ወትሮው ሥራ ገባ። ወንድሜ እናቴን ስሞ ስሞ ሲጨርስ ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ሚስማሯን እንዳትረሺ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሌላ ነገር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ስለነበር ተቀየምኩት።

አንቴናው ለእኔ ቀረ። ወንድሜ በሄደ በሦስተኛው እሁድ ይሁን በአራተኛው፣ አባቴ ሣጥኑን ከፈተና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ነይ እዚህ ቁጭ በይ» አላት።

«ኧረ እኔ እዚሁ ይሻለኛል» አለች።

«ቁጭ በይ አልኩሽ!» አለ፤ ለስለስ ብሎ መናገር አያውቅበትም። ተቀመጠች። እሱ ሄዶ የጓዳውን መቃን ተደገፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድራማውን ቆሞ ነው ያየው። ሂሱን ተቀብሎ ነበር፤ ሂስ ያደረገው ልጅ ግን ሊያይለት አልቻለም።

ከማሠልጠኛው ሦስት ደብዳቤ መጣ። ሦስቱም የተጻፉት ለእናቴ ነው። እናቴ ፊደል የለየችው በመሠረተ ትምህርት ነበር፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዷን ገጽ ግማሽ ቀን ታነባታለች። በሦስተኛው መጨረሻ ላይ «ለአባዬ ሰላም በይልኝ» የሚል ነበረበት። አባቴ ያችን ደብዳቤ ተቀብሎ ለብቻው ሆኖ አነበባት። ከዚያ በቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ፣ ከሥር፣ አስቀምጦ ቆለፈባት። ብዙ ሳይቆይ ወደ ሰሜን ተላኩ ተባለ። ደብዳቤውም ቀረ።

ድራማው ግን አላቋረጠም። በመንፈቁ የቴሌቪዥኑ ቤተሰብም ልጁን ወደ ግንባር ላከ። እናትየዋ እልል ብላ ሸኘችው። በየእሁዱ ደብዳቤ ይደርሳታል፤ ፖስታውን ብጭቅ አድርጋ ታነብና በኩራት ትስቃለች። ጎረቤቶቻችን ቴሌቪዥኑን እያዩ በጎን እናቴን ያያሉ። እኔ በመስኮቱ ሁለቱንም አያለሁ፤ አንዷ እናት ስትስቅ፣ ሌላዋ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ።

«ይቺ ሴትዮ ወልዳ አታውቅም» ትላለች እናቴ ሁልጊዜ።

«የተጻፈላትን ነው የምትለው» ይላታል አባቴ።

«ንግግሩስ ይጻፍላት። እጇን እንደዚያ የሚያስደርጋት ማነው?»

ክረምት ላይ አንድ ቀን ሜክሲኮ አውቶቡስ ስንጠብቅ ያቺው ተዋናይት ጃንጥላ ይዛ ከወረፋው ውስጥ ቆማ አየናት። በቴሌቪዥን ከምናውቃት አጠር ያለችና ልጅ እግር ነች። እናቴ እጄን ለቀቀችና በዝናቡ ውስጥ ቀጥ ብላ ሄደችባት። እፍረቴ ለጉድ ነበር። ተከትዬ ሮጥኩ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስንት ልጅ አለሽ?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ሰው ሁሉ የሚላት «አድናቂሽ ነኝ» ሳይሆን አይቀርም። «ልጅ የለኝም እናቴ» አለች።

«እኔም ብያለሁ!» አለች እናቴ፤ ወደ እኔ ዞራ ነው ያለችው። ከዚያ መለስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትቀየሚኝ። ደብዳቤ ሲመጣ እንደዚያ ተብጭቆ አይከፈትም። መጀመሪያ በላዩ ያለው ጽሕፈት ነው የሚታየው። የእሱ እጅ ከሆነ አለ ማለት ነው። የሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን...» አልጨረሰችውም።

ሴትየዋ ጃንጥላዋን ወደ እናቴ አዘንብላ ራሷ ዝናብ ላይ ቀረች። «ከጻፈልዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» አለቻት። እናቴ በጣቷ ቆጥራ ነገረቻት። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ተጋፋ፤ ተለያየን።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በድራማው ውስጥ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሴትየዋ ፖስታውን ተቀበለችና አልከፈተችውም። አገላብጣ ጽሕፈቱን አየችው፤ ጣቷን በስሙ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች፤ ተነፈሰች፤ ከዚያ ነው የከፈተችው። እናቴ ከአባቴ ወንበር ላይ ብድግ ብላ «አያችሁ? አያችሁ? እንደሱ ነው!» አለች። ጎረቤቶቻችን ምን እንደነካት አልገባቸውም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወዲህ ያችን ሴት ወደደቻት፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ። ለቴሌቪዥኑ ልጅ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የእኛም መንገድ ላይ ነው ማለት ጀመረች። ይህ ደስ አላለኝም። በፊት ስትናደድባት ይሻል ነበር፤ ንዴት ቢያንስ ሁለቱን ቤት ይለያያቸው ነበር።

ሰፈሩ ስሕተት የሠራው መስከረም ሁለት ቀን ነው። የአብዮቱ በዓል ሰልፍ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። በሰፈሩ አንድ ወሬ ነፍሶ ነበር፤ ከሰሜን የመጡ ወታደሮች በሰልፉ ያልፋሉ የሚል። ሰልፍ መውጣት የማይችሉት ሽማግሌዎችና ሴቶች ተማከሩ፤ የአንድ ሰው ዓይን ያመልጠዋል፣ ሁላችን ሆነን ብናይ ልጁን እናገኘዋለን ተባባሉ። ለእናቴ ግን አስቀድመው አልነገሯትም፤ ተስፋ ሰጥተናት ሳናየው ብንቀር ያማታል ብለው ነው። ቦታ ለመያዝ ጎህ ሲቀድ መጡ። ብርድ ስለነበረ ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበዋል። የተኛ እንዳይቀሰቅሱም ድምፃቸውን አጥፍተዋል።

መርዶ በእኛ አገር በጠዋት ነው። ዘመድ የሞተበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ደጁ ላይ ይቆማል። ይህን የማያውቅ የለም፤ እነሱም ያውቃሉ፣ ስንቱን ቤት በጠዋት አንኳኩተው አርድተዋል። ያን ዕለት ግን ልጁን ሊያዩ እንጂ ሊያረዱ አልመጡምና ልባቸው እዚያ ላይ አልደረሰም።

እናቴ በሩን ከፈተች። አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተከናንቦ ዝም ብሎ ቆሟል። አንድ ቃል እስኪተነፍሱ አልጠበቀችም። «ልጄን!» ብላ ደረቷን መትታ ወደቀች። አባቴ በፒጃማ ሮጦ ወጣ፤ እሱም ሰዎቹን ሲያይ ግድግዳውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን፣ እኔ እትዬ የምላት ሴት፣ እናቴ ላይ ተደፍታ «ኧረ ለቴሌቪዥን ነው! ለቴሌቪዥን ነው እኮ የመጣነው!» እያለች ትጮኻለች። እናቴ ይህን እስክትሰማ ድረስ ልብሷን ቀድዳ፣ ፊቷን ቧጥጣ ነበር። ሰልፉን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሣጥኑ እንደተቆለፈ ዋለ። ወንድሜ አልፎ እንደሆነም እንጃ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ራሱ ሕግ አወጣ። እኛ ቤት በጠዋት ማንም አይመጣም፣ እሳት ለመጫርም ቢሆን። እሁድ ሲመጡ ደግሞ አጥሩ ጋ ቆመው «ለቴሌቪዥን ነው!» ብለው ሳይጣሩ አይገቡም። ሽማግሌዎቹ እየሳሉ ይሉታል፣ ሴቶቹ እየተቀባበሉ፣ ልጆቹ ከሩቅ እየጮኹ። ለሌላ ሰው ያስቃል። እኔ ግን ያን ጥሪ ስትሰማ የእናቴ ትከሻ ወረድ ሲል አይ ነበርና አልሳቅኩበትም።

የጥር ወር ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ድራማው ሊጀምር ሲል ደጅ ሆኜ ሚስማሯን ከመስኮቱ ጋር አገጣጥማለሁ። ጎረቤቶቻችን በመንገዱ ሲመጡ አየሁ። ዱካ አልያዙም። ልጅ አላስከተሉም። ከፊት የእናቴ ታላቅ ወንድም አለ፤ ተክለ ሃይማኖት ነው የሚኖረው፣ ለቴሌቪዥን ብሎ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ከጎኑ የንስሐ አባታችን ናቸው። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ማንም አልተጣራም።

ወረቀቱ ቀበሌ ከደረሰ አራት ቀኑ እንደነበረ የሰማሁት ኋላ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ በሙሉ አውቆ እኛ ብቻ ነበርን ያላወቅነው። በጠዋት ብንሄድ በሩ ላይ ትሞትብናለች፣ የመስከረሙን አይተናል፣ ተረጋግታ በምትቀመጥበት ሰዓት ይሻላል ብለው ተመካክረው ነው። ለእሷ ሲሉ የመርዶን ሰዓት ለወጡ።

እትዬ አየችኝ። እኔም አየኋት። እንባዋ ወረደ፤ ሌላ ምንም ሳትነግረኝ ነገረችኝ።

«ማነው? ደጅ ማን አለ?» አለች እናቴ ከውስጥ። ዝምታውን ሰምታው ኖሯል። ድምፅዋ ውስጥ የመስከረሙ ጩኸት ሊነሣ ሲል ሰማሁት። እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፤ አፌን ከፈትኩና ባለኝ ጉልበት «ለቴሌቪዥን ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እህ! ግቡ፣ ግቡ! ሊጀምር እኮ ነው!» አለች።

ገቡ። እኔ አልገባሁም። ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር፤ ግን እንጨቱን አልለቀቅሁትም። በመስኮቱ አያለሁ። እናቴ ለወንድሟ ሶፋው ላይ ቦታ ስታዘጋጅ «ወንድም ጋሼ፣ አንተም ድራማ ጀመርክ?» አለችው። ለንስሐ አባታችን ትራስ አመጣችላቸው። ከዚያ አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቴ መቃኑ ጋ ቆሟል። እሱ ሰዎቹ ሲገቡ ገብቶታል፤ ቁልፉን በጡጫው ጨብጦ ነበር። አጎቴ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው። እኔ ያልኩትን ማን ያፍርሰው? ሊያረዱ መጥተው ድራማ ማየት ጀመሩ።

ያን ዕለት የቴሌቪዥኑ ልጅ ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ የሚገባበት ቀን ነበር። ሴትየዋ በሩን ከፈተች። እልል አላለችም። እጁን ያዘችና መዳፉን ገልብጣ አየችው፣ ያችን ፖስታ እንዳየችው አድርጋ።

«አይዞሽ፣ እሱ ነው!» አለቻት እናቴ።

ይሄን ጊዜ እትዬን ሲቃ አመለጣት። እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «አንቺ ደግሞ! ልጇ መጣላት እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለች። ዞር አለች። ወንድሟን አየች። የንስሐ አባታችንን አየች። ሰሌኑን አየች፤ አንድም ልጅ አልተቀመጠበትም። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ እኔን አየችኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን አባቴን «ዝጋው» አለችው። አባቴ መዝጊያዎቹን ገጥሞ ቁልፉን አዞረ፤ በድንጋጤ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ረስቶ ነበር። አጎቴ መናገር የጀመረው በሣጥኑ ውስጥ የዚያ ቤተሰብ ጨዋታና ሳቅ እየተሰማ ነው።

ሣጥኑ እስከ አርባው ድረስ አልተከፈተም። በአርባው ዕለት አባቴ የከፈተው ያችን ደብዳቤ ለማውጣት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት «ለአባዬ ሰላም በይልኝ» የምትለዋን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና «እኔ ሰላምታውን አልመለስኩለትም» አለ። ሌላ አልጨመረም። ደብዳቤውንም የሣጥኑንም ቁልፍ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ቁልፉን ወስዳ ሣጥኑ ላይ ሰክታ ተወችው፤ ከዚያ ወዲህ ተቆልፎ አያውቅም።

ስለዚያ ጩኸቴ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ብዙ ዓመት ከበደኝ። በር ላይ እንዳትወድቅ አደረግሁ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ መልሼ ደግሞ በገዛ እናቴ መርዶ ላይ ቀልጄባታለሁ፣ ለማልቀስ የመጣ ሰው አስቀምጬ አስቄባታለሁ እላለሁ። ልጠይቃት እፈልግና እፈራለሁ።

እናቴ ካረጀች በኋላ፣ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ የደረቀ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ፣ ራሷ አነሣችው።

«ያን ዕለት ለቴሌቪዥን ነው ስትይ ምን እንደመሰለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምን መሰለሽ?» አልኳት።

«ለአፍታ እሱ አንቴናው ጋ ቆሞ የጮኸ መስሎኝ ነበር። ድምፃችሁ ይመሳሰል ነበርኮ። መጣ ብዬ ነው ግቡ ግቡ ያልኩት።»

ከዚያ የአንሶላውን ጫፍ ሰጠችኝና፣ በደንብ ወጥሬ እንድይዝላት ነገረችኝ።